ስድስት ወር የዋጥኩት መድኃኒት የት ገባ?

ይህን የውይይት ክር ከተከፈተ ጀምሮ ስከታተለው ነበር፤ መሐል ላይም ሁለቴ ገብቼበታለሁ። አሁን 34 መልስ ስለደረሰ ከላይ ጀምሮ የሚያነበው ጠፍቷል፤ አዲስ የሚገባ ሁሉ እዚያው የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን በቅደም ተከተሉ ልተርከው። አለፍ አለፍ እያልኩ የራሴን ጣልቃ ባስገባ ቅር አይበላችሁ፤ ከዚህ የሳንባ ፈንገስ በሽታ ጋር ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

የከፈተችው አንዲት እህት ናት። ከ11 ዓመት በፊት ቲቢ ይዟት መድኃኒቷን ጨርሳ ድናለች፤ ቲቢው በቀኝ ሳንባዋ አናት ላይ ቦርቡሮት የሄደው ቀዳዳ ግን እንዳለ ቀርቷል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ሳል አልለቅ አላት፤ ከ58 ኪሎ ወደ 47 ወረደች፤ አልፎ አልፎ አክታዋ ላይ ደም ታያለች። ቲቢው አገርሽቷል ተብሎ አክታዋ ሦስት ጊዜ ተመረመረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነጻ ሆነች። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ተነስታ፣ ደሟም ውስጥ ሰውነት አስፐርጂለስ ለሚባለው ፈንገስ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ አስፐርጂሎሲስ ነው ተባለች። ኢትራኮናዞል የሚባል ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ጠዋት 200፣ ማታ 200 ሚሊግራም። ስድስት ወር ሳታጓድል ዋጠች። ኪሎዋ ንቅንቅ አላለም፤ ሳሉም እንደነበረ ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱ የሠራ አይመስልም፣ ሳናቆመው አንቀርም ብሏታል። ጥያቄዋ ሁለት ነው፤ ሌላ መድኃኒት አለ ወይ፣ ከሌለስ ከዚህ ጋር ስንት ዓመት ይኖራል። ከታች ደግሞ አንድ መስመር ጨምራለች፤ ሳንባዬ ውስጥ ሻጋታ በቀለ ስትላቸው የሚስቁ ሰዎች እንዳሉ።

መልስ 1 አይዞሽ ብሎ ያለፈ ነው። መልስ 2 ግን ለሚስቁት ሰዎች የሚነገር ይዞ መጣ። የፈንገሱ ዘር ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ ከአየር ጋር እስከ ሳንባ ጫፍ ይዘልቃል፤ ማንኛችንም በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር እንተነፍሳለን፤ ጤነኛ ሳንባ ጠርጎ ያስወጣዋል፤ የቆሰለና ቀዳዳ የቀረበት ሳንባ ግን ጠርጎ አይጨርሰውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ዕቃ መለየትም ሆነ ከልጆች መራቅ አያስፈልግም። በኡጋንዳ ጉሉ ቲቢ ታክመው የዳኑ ሰዎችን ተከታትለው ሲያዩ፣ ራጃቸው ላይ ቀዳዳ ከቀረባቸው መካከል በዓመት 6.5 በመቶው ይህ በሽታ ሲይዛቸው፣ ቀዳዳ ከሌላቸው ግን የተያዙት 0.2 በመቶው ብቻ እንደነበሩም አስታወሰ። ቲቢው ድኗል ተብሎ ፋይሉ ሲዘጋ ቀዳዳውን የሚጠይቅ የለም ማለቱ ነው። ልክ ነው፤ የእኔንም የጠየቀ አልነበረም።

በመልስ 3 አንድ ወንድም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ በአንድ ሳምንት ትንፋሹን እንደመለሰለት ተርኮ፣ ሐኪሟን እንድትጠይቅ መከራት። መልስ 4 አመስግኖ የመድኃኒቱን ስም ማስታወሻው ላይ ማስፈሩን ጻፈ። እዚህ ላይ ደነገጥኩ፤ ደግነቱ መልስ 5 ቀደመኝ። በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ሳታወላውል፣ አንድ ፈንገስ ሁለት የተለያየ በሽታ እንደሚያመጣ አስረዳች። አንደኛው በአብዛኛው አስም ያለበት ሰው ላይ የሚመጣው አለርጂ ነው፤ ሰውነት በፈንገሱ ላይ ከልክ በላይ ይቆጣል፣ ስቴሮይድ ያንን ቁጣ ያበርዳል። የጠያቂዋ ሌላ ነው፤ ፈንገሱ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ሰፍሮ ዙሪያውን ቀስ እያለ ይበላል። ለእሷ ያለ ፀረ ፈንገስ ስቴሮይድ መስጠት ዘበኛውን አስተኝቶ በሩን እንደመክፈት ነው። መልስ 6 ላይ ያ ወንድም ተመልሶ መጣ፤ ተቀይሟል። ያከሙት ሐኪም ከበይነ መረብ አዋቂ እንደሚበልጡ አመለከተ። በመልስ 7 የመልስ 5ቷ ሴት ደገመች፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የቆዩት ሁለቱ ከዚህ ወዲያ አንተና አንቺ ሆኑ።

መልስ 8 ስንት ዓመት ይኖራል ለሚለው ያለ ምንም መግቢያ ቁጥር ወረወረ። ማንቸስተር ባለው የአስፐርጂሎሲስ ማዕከል 392 ሕሙማን ተከታትለው፣ በአንድ ዓመት 86፣ በአምስት ዓመት 62፣ በአሥር ዓመት 47 በመቶው በሕይወት መገኘታቸውን ጽፎ ሄደ። መልስ 9 እንዲህ ያለ ነገር ለታመመ ሰው እንዲህ አይነገርም ብሎ ተቆጣ። መልስ 10 ከቁጣው ይልቅ ቁጥሩን ፈታው፤ ከእነዚያ ሕሙማን ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋና ሌላ ከባድ የሳንባ በሽታ የነበረባቸው ናቸው፣ ሁሉም የሞቱትም በፈንገሱ አይደለም፣ ስለዚህ የአንዲት የ38 ዓመት ሴት ዕድሜ ከዚያ አይነበብም። እኔ መልስ 8ን ሙሉ በሙሉ አልኮንንም። ጠይቃለች፤ ሲጠየቅ ዝም የሚል ሐኪም ስንት ዓመት አታክቶኛል። ቢያንስ ሰላምታ ቢያስቀድም ግን ምን ነበረበት?

መልስ 11 የእኔ ነው። ስለ ደሙ ጻፍኩ፤ ሌላው አልፎት ስለነበር። አንድ ሌሊት ጉሮሮዬ ውስጥ ሙቀት ተሰማኝና ስነሳ አፌ የብረት ጣዕም አለው። ገንዳው ላይ ስተፋ ደማቅ ቀይ፣ አረፋ ያለው፣ ገና ትኩስ ደም ነው። ምራቄ ላይ ከማየው ክር መሰል ነገር ጋር አይገናኝም። ከዚያ በፊት አንዲት ነርስ የነገረችኝ ትዝ አለኝና በታመመው ጎኔ ተኛሁ፤ የሚደማው ሳንባ ከታች ሲሆን ደሙ ወደ ጤነኛው አይፈስም። በጀርባ መተኛት ግን ሁለቱንም ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ከዚያ ወዲያ አክታዬ ላይ ደም ባየሁ ቁጥር መጠኑን በማንኪያ ገምቼ እጽፋለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ለሐኪሜ የሚነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ወይም ሳያቋርጥ ሲመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው እንጂ ነገን መጠበቅ የለም። መልስ 12 ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው እንክብል ትንሹን መድማት እንደሚያቆምለት፣ ትልቁ ሲመጣ ግን በብሽሽቱ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የሚደማውን የሳንባ ደም ሥር እንደደፈኑለት ተረከ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ደማ፤ ደግመው ደፈኑት።

መልስ 13 አጭር ናት፤ ግን ከክሩ ሁሉ የማልረሳት እሷን ነው። ቀዳዳው ውስጥ ፈንገሱ ተጠቅልሎ ኳስ የሠራባት ሴት ናት። ሲቲ ስካን ክፍል ውስጥ መጀመሪያ በጀርባዋ፣ ቀጥሎ በደረቷ አስተኝተው አነሷት። ሐኪሙ ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ አሳያት፤ በአንደኛው ኳሱ ከቀዳዳው ወለል ላይ ተቀምጧል፣ በላዩ ጨረቃ የመሰለ ቀጭን አየር ይታያል፤ በሁለተኛው ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ወድቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ላይ ስትገላበጥ የሆነ ነገር አብሯት የሚንከባለል እየመሰላት እንቅልፍ አጣች። በኋላ ኳሱ አንድ ብቻ፣ የቀረው ሳንባም ደህና ስለነበር በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ለሁሉም የሚሆን አይደለም፤ በሽታው ሰፋ ያለበት ሰው ሳንባ ቢላዋ እንደማይችል ራሷው አስጠንቅቃለች።

መልስ 14 ነጭ ሽንኩርትና እንፋሎት መከረ፤ መድኃኒቱንም አቁሚው አለ፣ ጉበት ይጨርሳል ብሎ። መልስ 15 እና 16 ተረባረቡበት። ስድቡን ልለፈው፤ ቁም ነገሩ ጉበት እውነትም በደም ምርመራ በየጊዜው መታየት ያለበት መሆኑ፣ ነገር ግን የሚታየው መድኃኒቱን በደህና ለመቀጠል እንጂ ለመሸሽ አለመሆኑ ነው።

ክሩ የተለወጠው በመልስ 17 ነው። አንድ ፋርማሲስት ገባ። ምክር አልሰጠም፤ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ካፕሱል ነው ወይስ ሽሮፕ? ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ? ሌላ ምን ትወስጃለሽ? በደምሽ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ተለክቶ ያውቃል? መልስ 18 ራሷ ጠያቂዋ ናት፤ ካፕሱል፣ በባዶ ሆድ፣ ምክንያቱም ጠንካራ መድኃኒት እንደዚያ ይሻላል ብሎ አንድ ሰው ነግሯታል። ጨጓራዋን ሲያቃጥላት ደግሞ ኦሜፕራዞል ታዘዘላት፤ እሱን ጠዋት ጠዋት ታስቀድማለች። መጠኑን ስለመለካት ሰምታ አታውቅም።

መልስ 19ን ፋርማሲስቱ የጻፈው በንዴት ይመስለኛል፤ በእሷ ላይ ሳይሆን ሳያስረዱ በሰጧት ሰዎች ላይ። የኢትራኮናዞል ካፕሱል የሚሟሟው በጨጓራ አሲድ ነው፤ አሲዱ በደንብ የሚኖረው ደግሞ ሆድ ምግብ ሲይዝ ነው። ኦሜፕራዞል ያንኑ አሲድ ያጠፋል። ስለዚህ በባዶ ሆድ፣ ከኦሜፕራዞል በኋላ የተዋጠ ካፕሱል አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ካፕሱሉ ከሚያጠግብ ምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፤ የአሲድ ማጥፊያ መተው ለማይችል ሰው እንደ ኮላ ያለ አሲዳማ መጠጥ ይረዳል። ሽሮፑ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በባዶ ሆድ ይሻለዋል፣ አሲድም አይፈልግም፣ አንዳንዱን ሰው ግን ያስቀምጠዋል። ሁለቱን ያለ ሐኪም መለዋወጥ አይቻልም። መጠኑ የሚለካው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የሚቀጥለው ከመዋጡ በፊት በሚቀዳ ደም ነው፤ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም በሊትር መገኘት አለበት፣ 1 ቢሞላ ደግሞ ይመረጣል። ይህ ሳይታይ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት፣ ያልደረሰ ደብዳቤ መልስ አላመጣም ብሎ መቀየም ነው።

እኔ እስከዛሬ መድኃኒት የሚሠራና የማይሠራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የማይደርስ የሚባል ሦስተኛ እንዳለ ያወቅኩት እዚህ ነው፤ በሰባተኛ ዓመቴ። ያኔውኑ ተነስቼ የራሴን ውጤቶች አገላበጥኩ።

መልስ 20 ነገሩን አባባሰው። የዚህኛው ሰው ቲቢ ተመልሷል በሚል ጥርጣሬ ሪፋምፒሲን ያለበት መድኃኒት ተጀምሮለት፣ ኢትራኮናዞሉም አልቆመም ነበር። ሪፋምፒሲን ጉበትን ያነቃቃና ኢትራኮናዞልን ደም ውስጥ ሳይቆይ ያስፈጀዋል፤ ካቆሙት በኋላ እንኳ ያ ጠባዩ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። አራት ወር ሁለቱን አብሮ ዋጠ። መልስ 21 በተቃራኒው የሚሆነውን ጨመረች፤ ኢትራኮናዞል ሌሎችን መድኃኒቶች ከልክ በላይ ደም ውስጥ ያከማቻል። የአስም ኢንሄለሯ ፍሉቲካሶን የሚባል ስቴሮይድ ነበር፤ ከወራት በኋላ ፊቷ እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ፣ ቆዳዋ በትንሹ ይበልዛል። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲንም ከዚህ መድኃኒት ጋር ጨርሶ አብሮ አይሄድም ብላለች። ዝርዝሩን ሁሉ ለሐኪም ማሳየት የሚለውን ምክር ስንሰማ እናልፈዋለን፤ ይቺ ሴት ግን የአፍንጫ ስፕሬይዋን እንኳ ትጽፋለች።

ከ22 እስከ 26 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ የትራስ ነገር አነሳ፤ ማንቸስተር ላይ ለዓመታት የተተኛባቸውን ትራሶች መርምረው አስፐርጂለስ ማግኘታቸውን ሲናገር፣ ቀጣዩ ትራሱን ወርውሮ መምጣቱን ጻፈ። ሌላዋ የብስባሽ ማዳበሪያና የረጠበ ቅጠል ክምር ከትራስ እጅግ እንደሚብስ፣ አትክልት የሚወድ ሕመምተኛ ያንን ሥራ ለሌላ ይተው ወይም በደንብ የሚገጥም ጭምብል ያድርግ አለች። ከዚያ ወደ ኔዘርላንድ ቱሊፕ ተሻገሩ፤ ለአበባው ሽንኩርት መሰል ሥር የሚረጨው ፀረ ፈንገስ ከእኛ እንክብል ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ፣ እርሻ ላይ መድኃኒቱን የተላመደ ፈንገስ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዝርዝር አስፐርጂለስ ፉሚጋተስን ከአራቱ እጅግ አሳሳቢ ፈንገሶች አንዱ ያደረገው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው። መልስ 26 ደግሞ ስሙን ይዞ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1729 ሚኬሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ በማጉያ መነጽር ሲያየው የጠበል መርጫ መሰለውና በዚያው ጠራው። ከርዕስ መውጣቱን አውቃለሁ፤ ግን ሳንባዬን የሚበላው ነገር ስሙን ከጠበል መርጫ ማግኘቱን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

መልስ 27 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን፤ ረጅም ነው፣ ስለ ድካም ነው። ሳሉንና ደሙን ሰው ያምናል፤ ድካሙን ግን ማንም አያምንም። ሸሚዝ ቆልፋ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ቁጭ እንደምትል፣ ፀጉሯን የምትታጠብበት ቀን ሌላ ምንም እንደማታቅድ፣ ስልክ ስታወራ ዓረፍተ ነገሯን ከትንፋሿ ጋር አስልታ እንደምትቆርጥ ጽፋለች። ባልደረቦቿ ሰነፍ ሆነች ማለታቸውን ደርሳበታለች። መልስ 28 አእምሮሽን አጠንክሪው፣ ሰው የሚታመመው ሲሸነፍ ነው አላት። መልስ 29 የእኔ ሁለተኛው ነው፤ እዚህ አልደግመውም፣ ትንሽ አፌ ከፍቷል። አስተዳዳሪው ግማሹን ሰርዞታል፤ አላዘንኩበትም።

መልስ 30 ሐኪም ነኝ ያሉ ሰው ናቸው፤ ፋርማሲስቱን በሥርዓት ወጉት። የመድኃኒት መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ በየቦታው እንዳለ አድርጎ ማውራት የሌለውን ሰው ተስፋ ያስቆርጣል አሉ። ማሽኑ በሌለበት እሳቸው የሚያዩት በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት የሚለካ ኪሎ፣ የሳሉን መጠንና አወሳሰዱን ነው፤ ታማሚውን ፊታቸው ውጦ እንዲያሳያቸው ሁሉ ያደርጋሉ። ፋርማሲስቱ ለዚህ መልስ አልሰጠም። የሚሰጥ መልስም ያለ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከአራት ወር ዝምታ በኋላ መልስ 31 ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ለሐኪሟ የፋርማሲስቱን አራት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ገልብጣ ወስዳለት ነበር። ደሟ ሲለካ 0.1 እንኳ አልሞላም። ስድስት ወር ሙሉ የዋጠችው ያ ነው። ኦሜፕራዞሉን ሐኪሙ አስቆማት፤ ካፕሱሉን ከምሳና ከራት ጋር አደረገችው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ 0.9 ሆነ። አሁን 49 ከግማሽ ኪሎ ናት። ሳሉ አለ፤ ሌሊት ግን አይቀሰቅሳትም። ቮሪኮናዞል ወደሚባለው ሊቀይራት አስቦ የነበረው ሐኪም ሐሳቡን ለጊዜው አቆይቶታል፤ ያኛው ፀሐይ ላይ ቆዳን ያቃጥላል፣ ከተዋጠም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዓይን ላይ ቀለምና ብርሃን ያዛባል።

መልስ 32 ደስ ብሎት ሲያበቃ ስድስቱ ወር እንደ አዲስ መቆጠር እንዳለበት አሳሰባት። ሕንድ ውስጥ ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ስድስት፣ ግማሹን 12 ወር ኢትራኮናዞል ሰጥተው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ወሮቹ 38 በመቶው፣ ከ12ቶቹ ግን 10 በመቶው ብቻ አገርሽቶባቸዋል። ስለዚህ ኪሎው ሲጨምር ለማቆም አትቸኩይ ነው ነገሩ።

በመልስ 33 ጠያቂዋ ፎቶ ለጠፈች። እግሯ ነው፤ ካልሲዋን አውልቃ። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የካልሲው ላስቲክ ጠልቆ ዙሪያውን ቀለበት ሠርቷል፤ ከጎኑ በአውራ ጣቷ የተጫነችው ቦታ ሰርጉዶ ቀርቷል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ነው፣ ጫማዋም ጠቧታል። ኪሎዬ የጨመረው ውኃ ይሆን እንዴ ብላ ነበር የጠየቀችው።

መልስ 34 የፋርማሲስቱ ነው፤ ሦስት መስመር። ኢትራኮናዞል በአንዳንድ ሰው ላይ የልብን ጉልበት ሊያዳክም፣ ፖታሲየምን ሊያወርድ፣ የደም ግፊትን ሊጨምር ይችላል፤ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ሐኪሟ ጋ እንድትደውል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንድትሄድ ነገራት። ሐሙስ ማታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጻፈ የለም፤ ክሩን በከፈትኩ ቁጥር መጨረሻው ላይ የሚታየኝ ያ ቀለበት ነው።